የውጭ ሀገር ሽርሽር የመጀመሪያው ቀን፦ ከቦሌ እስከ ኡራን የተደረገ ንጽጽራዊ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ስለ ውጭ ሀገር ጉዞ ብዙ ተወርቷል፣ ብዙም ተጽፏል። የጉዞው የመጀመሪያ ቀን ግን ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ቀን ሊያጠና የሚችል ሰው ሁሉ ወይ ሻንጣ እየጎተተ ነው፣ ወይ ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ወይ ፎቶ እየተነሣ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል።

ለጥናቱ የተመረጠችው መዳረሻ ኬንያ ናት። የተመረጠችበትም መስፈርት ጥብቅ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባባታል። ከዚህም ሌላ ወደ ኬንያ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች መኖራቸው ለንጽጽር ይመቻል። አንዱ ከቦሌ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሌላው በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ በሞያሌ የሚሻገር የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ እሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚወስነው አውቶቡሱ ነው።

ሦስተኛው የጥናት ቦታ ኡራን ነው። ኡራን በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ጥግ የሚገኝ የቦረና አርብቶ አደሮች አካባቢ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚወርደው አስፋልት በሶሎሎ በኩል ትቶት ያልፋል። ለሽርሽር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስላልተገኘ ለማነጻጸሪያነት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይኖርም።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ ነው። ናሙናዎቹ የአጥኚው ዘመዶች፣ የዘመዶቹ ጓደኞችና አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ውጤቱ በመቶኛ አልተሰላም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስላደረጉ ማስላቱ አላስፈለገም።

ምዕራፍ አንድ፦ ሻንጣ

ተጓዡ ለዕረፍት የሚሄድ ይመስለዋል። ቤተዘመዱ የሚያውቀው ግን ሰው እንደሚሄድ ብቻ ነው፤ ሰው ከሄደ ደግሞ ዕቃ ይሄዳል። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎውና በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ የታሠረው ቅቤ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የተረፈው ቦታ ለልብስ ይሰጣል። ልብስ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ ጉዳይ ነው።

ዕቃ የሚያስይዝ ሰው ሁሉ የሚያመጣው «ይቺን ብቻ» ነው። ለጥናቱ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘ አንድ ቃለ ምልልስ እነሆ፦

«ልጄ፣ ይቺን ብቻ ለእታለም ልጅ ታደርስልኛለህ?»

«አክስቴ፣ ናይሮቢ እኮ ሱፐርማርኬት ሞልቷል።»

«ሱፐርማርኬቱ የኔን ሽሮ ከየት ያመጣዋል?»

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ተዘግቷል። ቦሌ ተደርሶ ሚዛኑ ሲጮህ ሻንጣው መሬት ላይ ይከፈታል፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛም የአንድን ቤተሰብ ጓዳ በነጻ ይጎበኛል። ሽሮው አይነካም፤ አደራ ነውና። የሚወጣው የተጓዡ ጫማ ነው። ጃኬቱን ይለብሳል፣ ሹራቡን በጃኬቱ ላይ ይደርባል፣ ጫማውን በእጁ ያንጠለጥላል፤ በዚህ ሁኔታም ለመዝናናት ይሄዳል።

ምዕራፍ ሁለት፦ በረራ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ ያደረገው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑ በተደጋጋሚ ተለውጧል። ጎማው መሬት ሲነካ ብድግ የሚለው ተሳፋሪ ግን እንዳለ ነው። ከላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ስለማያስቆመው አንገቱን ደፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ በሩ እስኪከፈት ድረስ እንደዚያው ይቆያል። ምን እንዳስቸኮለው ተጠይቆ «ልውረድ ብዬ ነው» ብሏል። ሻንጣው ማጓጓዣው ላይ ዞሮ እስኪመጣ ግን ቀድሞ የቆመውም፣ ተቀምጦ የጠበቀውም እኩል ጠብቀዋል።

በበረራው ጊዜ የተጓዡ ዋነኛ ተግባር የክንፉን ፎቶ ማንሣት ነው። ከክንፉ በታች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና የቦረና ቆላ አሉ። እነሱ ፎቶው ውስጥ የሚገቡት ክንፉ ካልጋረዳቸው ነው። አውሮፕላኑ ወደ ድንበሩ ሲቃረብም «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» የሚለው ጥያቄ ስለሚቀርብ ድንበር የሚባለውን ነገር ያየ ተጓዥ አልተገኘም።

ምዕራፍ ሦስት፦ በእግር መሻገር

ድንበሩን ማየት የሚፈልግ በየብስ ይሂድ። ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት፤ አንዷ የኢትዮጵያ፣ አንዷ የኬንያ። በመካከላቸው በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች መርቀው የከፈቱት የጋራ የድንበር ኬላ አለ። የሚሻገረው ሰው ከአውሮፕላን ተሳፋሪው የበለጠ ነገር ይደርስበታል፤ ሁሉም የሚሆነው በጥቂት ርምጃ ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ በወዲህኛው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ ወደ ወዲያኛው የገባ ሰው እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ተወርውሯል። ስምንት ዓመት በቦረና አንድ ሙሉ የገዳ ዘመን ነው፤ አንዱ አባ ገዳ ሥልጣን ተረክቦ ለቀጣዩ እስኪያስረክብ ያለው ጊዜ ነው። ሻይ በወተት ለመጠጣት ብሎ ብቻ የተሻገረ ሰው አንድ አባ ገዳ አመለጠው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መኪናው ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ቀኙን፣ በኬንያ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ተጓዡ እናቱ እንዳስተማረችው መጀመሪያ ወደ ግራ አይቶ አስፋልት ውስጥ ይገባል። መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው። የውጭ ሀገር ጉዞ አእምሮን ይከፍታል የሚባለው በዚህች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይረጋገጣል።

ሦስተኛ፣ የአውቶቡስ ትኬቱ ላይ የመነሻ ሰዓት ማታ 7 ተብሎ ተጽፏል። ትኬት ቆራጩ ግን በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ» ይላል፤ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ከጠዋትና ከምሽት መግቢያ ስለሚቆጠር ሁለቱ ሕዝቦች በአፍ ፍጹም ይግባባሉ፤ የማይግባባው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን አምኖ በሌሊቱ ሰባት ሰዓት የመጣ ተጓዥ ጣቢያው ውስጥ የሚያገኘው ዘበኛውን ነው። አውቶቡሱ ያን ጊዜ ማርሳቢትን አልፏል።

ምዕራፍ አራት፦ ጉብኝት

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ከመልበሱ በፊት ተጓዡ በከብት ጫኝ መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ በላይ ባለው ብረት ተቀምጦ፣ አቧራ እየቃመ ይሄድ ነበር። ያኔ ጉብኝት ግዴታ ነበር፤ ማየት የማይፈልግም ያያል። ዛሬ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ መጋረጃም አለው።

በዚህ መንገድ ላይ ምድረ በዳ መሐል ጉም የሚለብስ የማርሳቢት ተራራ አለ፤ በደኑ ውስጥም ዝሆን ይኖራል። ጥርሱ መሬት ሊነካ ጥቂት የሚቀረው አሕመድ የተባለው ዝሆን የኖረው እዚያ ነው። ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ ጥበቃ እንዲደረግለት አዘው ዘብ ቆሞለታል፤ በ1974 በእርጅና ሞተ። ዛሬ ናይሮቢ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የእሱን ቁመና የያዘ ቅርጽ ቆሟል። የጥናቱ ተጓዥ በማርሳቢት ሲያልፍ ተኝቶ ነበር። በነጋታው ሙዚየም ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ከቅርጹ ጎን ፎቶ ተነሥቶ «ከማርሳቢት ዝሆን ጋር» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። መረጃው ስሕተት የለበትም።

በአውሮፕላን የመጣው ተጓዥ ደግሞ ከከተማዋ ጥግ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ይጠብቀዋል፤ ከበስተጀርባው ሕንፃ እየታየ አንበሳ የሚዞርበት ነው። በመሐል ከተማ ደግሞ ባለ 28 ፎቁ የኬንያታ የስብሰባ ማዕከል አለ። ተጓዡ ሁለቱንም ለነገ ይቀጥራቸዋል። ዛሬ መታየት ያለበት የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ነው። ከምልክቱ ሥር ቆሞ፣ ጽሑፉ ሳይቆረጥ፣ ፎቶ ይነሣል። አዲስ አበባ ውስጥ የጆሞ ኬንያታ ጎዳና መኖሩ ይታወቃል። እንግዲህ ተጓዡ ከኬንያታ ተነሥቶ ኃይለ ሥላሴ ደርሷል። በዲፕሎማሲው ሒሳብ ቤቱ እንደተቀመጠ ይቆጠራል።

ከዚያ የእታለም ልጅ ይደውላል። ሽሮው ይጠበቃል። ማታ ኢስሊ ሰፈር፣ እንጀራ በቀረበበት፣ ቡና በሚፈላበት፣ የሀገር ቤት ቴሌቪዥን በተከፈተበት ቤት ተጓዡ ስለ ናይሮቢ ምን እንዳየ ይጠየቃል። «ትራፊኩ» ይላል። ቀጥሎ ስለ አዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ይጠየቃል፤ ይህ እስከ እኩለ ሌሊት ያወያያል።

ምዕራፍ አምስት፦ ማነጻጸሪያው ኡራን

በኡራን ጎረቤት ባለው ድንበር ላይ የምኒልክ መንግሥትና እንግሊዝ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1907) ተዋዋሉ። በኋላም ኢትዮጵያና ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1970 በስምምነት አጸኑት። ውሉን ዝናብ አልፈረመም። በመጋቢት የሚጀምረው፣ ጋና የሚባለው ዝናብ ወዲያ ማዶ ጥሎ ወዲህ ከዘለለ፣ የኡራን ሰው ከብቱን ይዞ ሣሩ ወዳለበት ይሄዳል። ወንድሙ፣ አማቹ ወይም የጎሣው ሰው ማዶ አለ፤ ቋንቋውም ያው ኦሮምኛ ነው።

የዚህ ሰው የጉብኝት ቦታዎች ሲመዘገቡ የሚከተሉት ተገኙ። የቦረናን ቱላ ጉድጓዶች ያውቃል፤ ጥልቅ ናቸው፤ ወንዶች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ እያቀባበሉ የሚያወጡባቸው። ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ለዚህ ትዕይንት ካሜራ ይዞ አፋፉ ላይ ይቆማል። የቦረና ሰው የሚቆመው በካሜራው ፊት ነው፤ ከብቱ ጠምቶታል። በየስምንት ዓመቱ በኢትዮጵያ ቦረና በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤም ከኬንያ በኩል የሚሻገሩ ቦረናዎች ይገኙበታል። ጉባኤው ሕግ ለማውጣትና ክርክር ለመስማት ነው፤ የመግቢያ ትኬት የለውም።

የእሱ የመጀመሪያ ቀን እንደሚከተለው ያልፋል። ደርሶ ሰላም ይላል። ዝናቡ ይጠየቃል። ከብቱ፣ ግመሉ፣ ሣሩ፣ ውሃው፣ ልጆቹ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ ይጠየቃሉ። ጠያቂው በተራው ይጠየቃል። ወተት ይቀርባል። የመጣበትን ጉዳይ በዚያ ቀን አያነሣም፤ ማንም አያስቸኩለውም። ማታ ላይ ወዲያ ማዶ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ፣ የትኛው ኩሬ እንደደረቀ ያውቃል። ፎቶ ግን አንድም የለውም። ስለዚህ መሄዱን በማስረጃ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ጥናቱም «ያልተጓዘ» ብሎ መዝግቦታል።

የጥናቱ ውጤት

በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ለሽርሽር ውጭ ሀገር የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሀገሩ አይወጣም፤ ሀገሩን ጠቅልሎ፣ አስመዝኖ፣ ትርፍ ኪሎ ከፍሎ ይዞ ይሄዳል። ደርሶም ከዘረጋው በኋላ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። በአንጻሩ የኡራኑ ሰው ከከብቱ በቀር ምንም ሳይዝ ተሻግሮ የሄደበትን አገር ጉዳይ በአንድ ቀን አውቆ ይመለሳል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሲመረመር፣ አንደኛው ያሳያል፤ ሁለተኛው ይጠይቃል።

ምክረ ሐሳብ

ለተጓዦች፦ በየብስ የምትሄዱ ከሆነ የቀን መኪና ፈልጉ፣ መጋረጃውን ክፈቱ፣ ማርሳቢት ላይ ንቁ። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የምታገኙትን ሰው የዋጋ ቅናሽ ከመጠየቃችሁ በፊት ዝናቡን ጠይቁት።

ለቤተዘመድ፦ የእታለም ልጅ ናይሮቢ ከገባ ቆይቷል፤ አልተራበም።

ለወደፊት አጥኚዎች፦ ይህ ጥናት በመጀመሪያው ቀን ተወስኗል። ሁለተኛው ቀን የስጦታ መግዣ፣ ሦስተኛው ደግሞ የተገዛው ስጦታ በቂ አለመሆኑ በስልክ የሚገለጽበት ስለሆነ፣ ዕረፍቱ በስንተኛው ቀን እንደሚጀምር የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል።