«የእጄ ሥራ ነው»

እኔ መሥራት አልወድም፤ ሠራ መባል ግን እወዳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ይህ ጠባዬ ብዙም አላስቸገረኝም ነበር። ወንድ ልጅ «ሽሮ ሠራሁ» ብሎ ቢቀጥፍ ሳቅ እንጂ ምርመራ አይከተለውም። ጉዴ የወጣው ቶኪዮ ከመጣሁ በኋላ፣ በብስኩት ምክንያት ነው።

ብስኩቱ ፖኪ ይባላል። ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ ሆኖ፣ ከአንድ ጫፉ በቀር ሁለመናው በቸኮሌት የተነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ያወጣው ግሊኮ የተባለው የኦሳካ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ቸኮሌት አልብሰው መያዣውን በብር ወረቀት ለመጠቅለል አስበው ነበር ይባላል፤ በኋላ ግን ጫፉን ሳይነክሩ ቢተዉት እጅ እንደማይቆሽሽ ታያቸው። ይህን ታሪክ ስሰማ ሥራን ሳይጨርሱ መተው ለካ ጥበብም ይሆናል ብዬ በጣም ነበር የተጽናናሁት።

ኖቬምበር 11 በቁጥር ሲጻፍ አራት ዘንግ ተደርድሮ የቆመ ይመስላል። ኩባንያው ከ1999 ጀምሮ ዕለቱን የፖኪ ቀን አድርጎታል፤ ዓመቱ በጃፓኖቹ የንጉሠ ነገሥት ዘመን አቆጣጠር ሄይሴ 11 ስለነበር ስድስት ዘንግ ገጠመላቸው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 2 ነው፤ ዘንግም የለው፣ ጣጣም የለው። ምነው በራሴ ካላንደር በጸናሁ ኖሮ!

በዚያ ቀን በመሥሪያ ቤቴ ሰው ሁሉ ሣጥን ሣጥኑን ይዞ ይመጣና ይገባበዛል። እኔ ለዓመታት ከሁሉም ሣጥን እየመዘዝኩ በልቻለሁ፤ ይዤ የሄድኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። ታዲያ ሣጥን ገዝቶ ዕዳን መክፈል አንድ ነገር ነው። ሣጥኑ 200 የን ገደማ ነው፤ በየመንገዱ ጥግ አለ። እኔን የበላኝ ግን ሌላ ነው። ጃፓን ውስጥ በፌብሩዋሪ 14 ቸኮሌት የሚሰጡት ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ቤት ወስደው በሚያቀልጡት ጥፍጥፍ ቸኮሌትና በሪባን ይሞላል። አንዷ ባልደረባችን ራሷ የሠራችውን ይዛ መጥታ ቢሮው በአድናቆት ሲያብድ አይቻለሁ። ያ ጭብጨባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ኖቬምበር ሲቃረብ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ዘንድሮ እኔ በእጄ እሠራለሁ» አልኩ።

ሥራው የተጀመረው በዋዜማው ማታ ነው። (በዋዜማው መጀመሬም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ግን ሁሉን ብቆጥር ገጹ አይበቃም።) ጃፓን ውስጥ የስንዴ ዱቄት በጥንካሬው ተለይቶ ነው የሚሸጠው፤ ጠንካራው ለዳቦ፣ ለስላሳው ለኬክና ለብስኩት። እቤት የነበረው የዳቦው ነው። ዱቄት ዱቄት ነው አልኩ። ባለቤቴ «ሚዛኑ መሳቢያ ውስጥ አለ» አለችኝ።

«እናቴ መቼ መዝና ታውቃለች?» አልኳት።

«እናትህ መቼ ፖኪ ሠርተው ያውቃሉ?» አለችና ልትተኛ ሄደች።

ዱቄት፣ የገበታ ቅቤ፣ ስኳርና ወተት በግምት አቀላቅዬ፣ ሥራ የሚመስለኝ ላብ ያለበት ስለሆነ፣ ሊጡን እስኪደክመኝ አሸሁት። ብስኩት ደግሞ እሽት አይወድም። የዳቦ ዱቄት በታሸ ቁጥር ጅማት ያወጣል፤ በመዳመጫ ስዘረጋው ይሰበሰባል፣ ስዘረጋው ይሰበሰባል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢያርፍ ይለዝብ ነበር። እኔ ግን «የሚያርፍ ሊጥ ጋጋሪውን ያሰንፋል» የሚል ተረት እዚያው ፈጥሬ ቀጠልኩ። በማስመሪያ ልኬ አራት አራት ሚሊ ሜትር መቁረጥ ሲገባኝ በዓይኔ ቆረጥኩ፤ አንዱም ወንድሙን አይመስልም። በ170 ዲግሪ ስጋግራቸው ቀጫጭኑ ጫፍ እስኪከስል ወፍራሙ ወገብ ጥሬ ነው። አውጥቼ የበሰሉትን፣ ያረሩትንና ሁለቱንም የሆኑትን ለየሁ። የሚበዙት ከመጨረሻው ወገን ነበሩ።

ወደ ቸኮሌቱ እንምጣ፤ ውርደቴ ያለው እዚያ ነው። ቸኮሌቱን በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ የሚንፈቀፈቅ ውኃ ያለበት ድስት ላይ ጣድኩት። ከእንፋሎቱ ጥቂት ጠብታ ገባበት። ቸኮሌት ማለት በስብ ውስጥ የተበተነ ደረቅ የስኳርና የካካዎ ብናኝ ነው፤ ትንሽ ውኃ ሲነካው ልክ እንደ በሶ ጭብጦ ይሆናል። በሶ ውኃ ሲጨመርበት እንደሚላላ ሁሉ፣ ይህም ብዙ ውኃ ቢያገኝ ተመልሶ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ግን ማጥቀሻ እንጂ የሚደርቅ ልባስ አይሆንም። እኔ በማንኪያ ልቀጠቅጠው ሞከርኩ። ማንኪያው ጎበጠ።

በሌሊት ሱቅ ሮጬ ሌላ ጥፍጥፍ ገዛሁ። አንድ ብቻ። እዚህ ላይ ስስቴም ይመዝገብልኝ፤ የቸኮሌቱ ወጪ ሣጥኑን ሲያልፍ እጄ ተያዘ። ይኸኛው ሳይጨብጥ ቀለጠ። ግን ማቅለጥ ብቻውን አይበቃም። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት ጠጣር ቅርጽ ሊይዝ ይችላል፤ የሚያብለጨልጨውና ሲሰበር ቀጭን ድምፅ የሚያሰማው አምስተኛው ብቻ ነው። እሱም 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ነው አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟው። ወደዚያ ለመድረስ ጥቁሩን ቸኮሌት እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ አሙቆ፣ እያማሰሉ እስከ 27 ወይም 28 አቀዝቅዞ፣ እንደገና ወደ 31 ወይም 32 ማንሳት ያስፈልጋል። በቤታችን ያለው ቴርሞሜትር የልጄ የትኩሳት መለኪያ ነው፤ ከ32 በታች አይናገርም፣ ከ42 በላይ አይቆጥርም። አብዛኛው የቸኮሌቱ ጣጣ ከዚያ ውጭ ነው። ቢሆንም ነከርኩት። (ይህን ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም። ልጁ ደህና ነው።)

ቸኮሌቱ በሰፊ ሳህን ስለተንጣለለ ጥልቀት አልነበረውም፤ ለካ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ረጅም ብርጭቆ ነው። በማንኪያ እየቀባሁ ጀመርኩ፤ ሲያልቅብኝ እየቆጠብኩ መጣሁ። ኩባንያው ለእጅ መያዣ ብሎ ትንሽ ጫፍ ይተዋል። የእኔ ዘንጎች ከሞላ ጎደል መያዣ ብቻ ነበሩ።

ጠዋት ስነሳ ያችው የነበረችው ቸኮሌትም ሸብታለች፤ በሥርዓቱ ያልረጋ ስብ ወደ ላይ ወጥቶ ግራጫ ያለብሳታል። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ መልካም ሣጥን ፈልጌ፣ ሪባን አስሬ፣ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። «ነጩስ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የክረምት ልዩ ዓይነት ነው፤ በረዶ እንዲመስል ነው» አልኩ። እዚህ አገር ለየወቅቱ ልዩ ጣፋጭ ስለሚወጣ ነገሩ አሳማኝ ነበር። ያች ባለጭብጨባዋ ባልደረባችን አንዱን አንስታ ነከሰች። አልተሰበረም። ከጥርሷ ስታላቅቀው ወገቡ ተለጠጠ። አፏን በእጇ ከለል አድርጋ ረጅም ምስጋና አቀረበችልኝና የቀረውን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ሞኙ ለማታ ያቆየችው መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጃፓኖች ስጦታ ተቀብለው ዝም አይሉም፤ መልስ አለው። በሳምንቱ ባማረ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ስፈታው ፖኪ ነው። ቀዩ፣ ተራው ሣጥን።

ጥፋቴ እዚህ ቢያበቃ ባልጻፍኩትም ነበር። የምኖረው ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ወረዳ ነው፤ ሐበሻ የተሰባሰበበት ሰፈር ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሰው አይጠፋም። በዚያ ቅዳሜ ፖኪዎቹን ከከረጢታቸው አውጥቼ በብርጭቆ አቁሜ አቀረብኳቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ የሁላችንም እናት የሆኑት እትዬ።

«የእጄ ሥራ ነው።»

ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

«እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ! እንዴት ነው የሚሠራው?» አሉና ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። እኔም አንደበቴ ሳይያዝ አስጻፍኳቸው፤ ሰባት እጅ ዱቄት፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ስኳር እንደ ፍላጎት። የራሴ ፈጠራ እንዲመስል ኮረሪማ ጨመርኩበት።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እንዳንተ ቀጥ አልልልኝ አለ። ይጎብጣል፣ ይሰበሰባል። ምን አጠፋሁ?»

ለመናዘዝ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «እትዬ፣ ሊጡን በደንብ አላሳረፉትም መሰለኝ» አልኩ።

«አይ ችኮላዬ!» አሉ፤ ራሳቸውን እየወቀሱ ስልኩን ዘጉት። ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር፣ በሰው ፊት፣ ከእኔ የተማሩት ነገር ትዕግሥት መሆኑን ይናገራሉ።

እንግዲህ እትዬ፣ ይህ መጽሔት እጅዎ ከገባ፣ ያችን ወረቀት ይቅደዷት። ሰባት እጅ የሚለውን ከኪሴ ነው ያመጣሁት፤ ኮረሪማውም የእኔ ነው። ሊጥዎ አልበደለም፣ እጅዎም አልበደለም። ያን ቀን የበሉት ከጣቢያው ሲወጡ በስተቀኝ ካለችው ሱቅ ይገኛል፤ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ቀዩ ሣጥን። 200 የን ገደማ ነው።