ዘመድ የማይቈጥረው ቅጽ

በባዕድ አገር ተቀጥሮ የሚያድር ሰው ቋንቋውን ቢያጠና፣ ብርዱን ቢለምድና የባቡሩን መንገድ ቢያውቅ እንኳ፣ ከደመወዙ ላይ ግብር የሚቀነስበትን ሥርዐት ሳይመረምር አገሩን አውቄአለሁ ሊል አይገባውም። በአሜሪካ ከ1943 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ ግብሩ ሠራተኛው በእጁ ሳይዘው በአሠሪው በኩል የሚቀነስ በመሆኑ፣ እንደ ማቴዎስ በመቅረጫው ተቀምጦ መንገደኛ የሚጠብቅ ቀራጭ አላስፈለገም፤ ተቀጣሪው ራሱ በመጀመሪያው ቀን ደብልዩ-4 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞና ቀን ጽፎ ራሱን ያስረክባል።

በተማሪ ቪዛ ገብቼ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት በተቀጠርሁ ጊዜ ይህን ቅጽ ከቅዳሴ በኋላ ለአገሬ ሰዎች ባሳያቸው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንደ አንድምታ መምህራን ይተረጕሙት ጀመር። አንዱ፣ «አንድም ያገባ ይቀልለታልና አግብቻለሁ በል» አለ፤ ሁለተኛው፣ «አንድም ከግብር ነጻ ነኝ ብለህ ጻፍና ተገላገል» አለ፤ ታክሲ በመንዳት የሸመገሉት ጋሼ ግን ሁሉንም ዝም አሰኝተው፣ «አንተ ልጅ፣ አገር ቤት ስንት ነፍስ ታስተዳድራለህ? ሁሉንም አስቈጥራቸው እንጂ!» አሉኝ።

ይህ ምክር ከልቤ ገባ። እናቴን፣ ትምህርት ያልጨረሰውን ወንድሜን፣ የአጎቴን ባለቤት፣ የክርስትና ልጄን፣ እንዲሁም ስማቸውን በዓል ሲደርስ በሚመጣው ስልክ ብቻ የማውቃቸውን የሩቅ ዘመዶች በተራ ጽፌ በማግሥቱ ከደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ ፊት ቀረብሁ። እርስዋም ዝርዝሩን በትሕትና ተቀብላ፣

«ከእነዚህ አሜሪካ የሚኖር አለ?» አለችኝ።

«የለም፣ እመቤቴ።»

«ካናዳስ? ሜክሲኮስ?»

«አንዲት የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ትኖራለች» አልኋት።

አደባባዩ አዲስ አበባ መሆኑን በሰማች ጊዜ ብዕርዋን አስቀመጠች። ሜክሲኮ የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ አላጸድቅም ብላ በመቆምዋ አደባባይ በስምዋ ሰይመንላት ሳለ፣ ይህ ውለታ በግብር ሕግ ዘንድ አንዲት ሳንቲም እንኳ አያስምርም። ጸሐፊዋ በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ እንደ እኔ በግብር ሕግ ነዋሪ ተብሎ የማይቈጠር የውጭ አገር ሰው ከጥቂት አገሮች ሰዎች በቀር ጥገኛ ማስቈጠር አይፈቀድለትም፤ ሚስት ቢኖረውም በቅጹ ላይ «ያላገባ» በሚለው ምልክት ያደርጋል፤ ከግብር ነጻ ነኝ ብሎም በዚህ ቅጽ አይጽፍም። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ለነዋሪው የሚፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ፣ ማለት ከገቢው ላይ ግብር ሳይከፈልበት የሚነሣው ገንዘብ፣ ለእኔ ስለማይፈቀድ፣ አሠሪው ግብሩን ሲያሰላ ያላገኘሁትን ገንዘብ በደመወዜ ላይ ደምሮ እንደሚያሰላ መስማቴ ነው፤ በዚህም ምክንያት በወረቀት ላይ ባለጠጋ ሆኜ በኪስ ድኻ እሆናለሁ።

ከጎኔ የሚሠራው ሕንዳዊ ተማሪ ግን በሁለቱ አገሮች የግብር ውል መሠረት መደበኛውን ተቀናሽ ያገኛል፤ ቻይናዊውም 8233 የሚባለውን ቅጽ አቅርቦ ከደመወዙ 5,000 ዶላር ያህሉ በየዓመቱ ነጻ ይሆንለታል። ዳግማዊ ምኒልክ ከአሜሪካ መልእክተኛ ከስኪነር ጋር በ1903 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የንግድ ውል ቢዋዋሉም፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ ስለ ገቢ ግብር የተዋዋሉት ውል የለምና፣ እኔ የማቀርበው ቅጽ አልተገኘም።

ሆኖም ፈጽሞ ጸጋ አልተነፈግሁም። ሌላው ሠራተኛ ለጡረታው ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2፣ ለአረጋውያን ሕክምናው ለሜዲኬር 1.45 በመቶ ሲቀነስበት፣ በእኔ የደመወዝ ወረቀት ላይ በሁለቱም አንጻር ዜሮ ተጽፏል፤ ተማሪ በመሆኔ የቈየሁበት ቀን ለነዋሪነት የማይቈጠርባቸው፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚታሰቡ አምስት ዓመታት ተሰጥተውኛልና። በእነዚህ ዓመታት 8843 የሚባለውን ቅጽ በየዓመቱ መላክ ግዴታ ነው፤ በዲሴምበር መጨረሻ ቀን ቢገቡም ያ ዓመት እንደ ሙሉ ዓመት ይታሰባልና፣ ለበዓል ቸኵሎ የገባ ተማሪ ለአንድ ቀን አንድ ዓመት ይከፍላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአንድምታውን ጉባኤ ለመጽሐፍ ትተህ ስለ ቅጽህ የደመወዝ ክፍሉን ጠይቅ፤ ያለ መሠረት ቅጹን በሐሰት የሞላ ሰው 500 ዶላር ይቀጣል፤ ሆን ብሎ ካደረገው እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያገኘው ይችላል፤ በቡናው ላይ ያስተማሩት መምህራን ግን አብረውት አይታሰሩም። ያለ አግባብ ሶሻል ሴኩሪቲ የተቀነሰብህ እንደ ሆነ አስቀድመህ አሠሪህን፣ እርሱ ካልመለሰልህ በ843 ቅጽ መንግሥትን ጠይቅ። ለእናትህ የምትልከውን ገንዘብ ግን ከተጣራው ደመወዝ ላይ አስላው፤ ግብር ሰብሳቢው የአንተን ዘመዶች አያውቃቸውም፣ የማወቅም ሐሳብ የለውም።