አራዳው የታረደ ዕለት

«የሚሸወደው ፋራ ነው፤ እኔ አራዳ ነኝ» አልክ? በል ቁጭ በል። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ አራዳ ይታረዳል።

ገንዘብ በኢንተርኔት ከሚያስተላልፈው ድርጅት፣ ከ«ፔይፓል» ኢሜይል መጣልህ። «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ ታግዷል። በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ይጫኑ» ይላል። ልብህ ቀጥ አለች። የታገደው ግን ማሰቢያህ እንጂ ሂሳብህ አይደለም። ደግሞ ሂሳብ ሲያስደነግጥህ የመጀመሪያህ ነው እንዴ? ስምንተኛ ክፍል ላይ ማን ነበር ያስለቀሰህ?

«ግን እኮ ውድ ደንበኛ ብሎኛል!» እሱማ ልክ ነው፤ ስምህን ሳያውቅ ውድ ያለህ ዋጋህን ተምኖ ነው። እውነተኛው ፔይፓል ሂሳብ ስትከፍት ባስመዘገብከው ስም፣ ከነአባትህ ነው የሚጠራህ። «ስሜንም ቢጠራኝስ?» ቢጠራህም አቤት አትበል። ስምህና ኢሜይልህ ከአንድ የተዘረፈ ድርጅት መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። ስምህን ያወቀ ሁሉ ዘመድህ ከሆነ፣ ለሠርግህ አዳራሽ አይበቃህም ነበር።

«እዚህ ይጫኑ» አለህ፤ ተጫንክ። በአገራችን ተጫን ሲባል ዝም ብሎ የሚጫነው ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስሙን ለመጥራት ይሉኝታ ያዘኝ። የይለፍ ቃልህን ጠየቀህ፤ ሰጠኸው፤ አለፈ። አንተ ደጅ ቀረህ። ቀጥሎ ስልክህ ላይ የገባችውን ስድስት አሃዝ ኮድ ጠየቀህ፤ እሷንም አንድ በአንድ አነበብክለት። ትምህርት ቤት እንዲህ ጥርት አድርገህ አንብበህ ብታውቅ ኖሮ ዛሬ ኢሜይሉንም ታነበው ነበር!

«አድራሻው ላይ ፔይፓል የሚል አይቻለሁ» ትላለህ። አይተሃል፣ ግን ከፊት ብቻ። ሊንክም እንደ ሰው ስም ከነአባቱ ነው የሚታወቀው፤ አባትየው ደግሞ ከኋላ ነው። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት፣ ከመጨረሻዋ ነጥብ ግራና ቀኝ ያለውን እይ። «ፔይፓል ዶት ኮም» ብሎ ጀምሮ ነጥብ ጨምሮ ሌላ ስም፣ ሌላ ነጥብ ካስከተለ፣ ልጁ የፔይፓል አይደለም። ፔይፓል ፊት ለፊት ተለጠፈ እንጂ አላሳደገውም።

ፊደሉንም ቁጠር። በመጨረሻዋ «ኤል» ቦታ 1 ቁጥርን የሚያቆሙ አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካፒታል «አይ»ን በ«ኤል» ቦታ ተክተው የፔይፓል ደንበኞችን ያጠመዱ ነበሩ፤ ሁለቱም ስክሪን ላይ ቀጥ ያለች ዘንግ ናቸዋ! በ2005 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች የላቲኗን «ኤ» ሩሲያኛ በሚጻፍባት «አ» ቀይረው የፔይፓልን አምሳያ አድራሻ ሠርተው አሳዩ። ይህኛው በዓይን አይለይም። የንስር ዓይን ቢኖርህም አይለይም። ስለዚህ ዓይንህን አትመን፣ ጣትህን እመን፤ አድራሻውን ራስህ ጻፈው፣ ወይም መተግበሪያውን ከፍተህ ግባ።

«ቁልፍ ነበረበት! ከአድራሻው አጠገብ ቁልፍ አይቻለሁ!» ቁልፍማ ሌባውም ቤት አለ፤ እሱ ከአንተ በላይ ሌባ ይፈራል። ያቺ ቁልፍ የምትለው፣ በአንተና በገጹ መካከል የሚያልፈውን መልእክት ሌላ ሰው አያነበውም ነው። የገጹ ባለቤት ጨዋ ነው ብላ አልማለችም። ለሌባ በምስጢር መላክ ደግሞ ትርፉ ምንድን ነው? ሰው እንደ አንተ ስለተሳሳተባት የጉግሉ ክሮም በ2023 እ.ኤ.አ. ከቦታዋ አንስቷታል። እሷ ተነሳች፤ አንተ አሁንም ተኝተሃል።

አሁን የመጨረሻዋን ካርድህን መዘዝክ። «ይኼኛው ኢሜይል ግን የመጣው ከራሱ ከፔይፓል ነው። ላኪውን ፊደል በፊደል አረጋግጫለሁ!» እዚህ ላይ አጨብጭቡለት፤ እውነቱን ነው። አሁን ደግሞ ጭብጨባውን መልሱ። አጭበርባሪው እንደማንኛውም ሰው ሂሳብ ይከፍትና በፔይፓል በኩል የክፍያ ጥያቄ ይልክብሃል። ያደረሰው ፔይፓል ነው፤ የጻፈው ግን እሱ። የማስታወሻው ቦታ ላይ «ለስልክ ግዢ 499 ዶላር ተቆርጧል፤ ካልገዙ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ብሎ ይሰነቅርበታል። አንተ ደወልክ። እሱ «አቤት ጌታዬ» አለ። አቤት ትሕትና! «ገንዘብዎን እንድመልስልዎ ይህችን ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ ያውርዱ» አለህ። አወረድክ። ሂሳብህም አብሮ ወረደ። ፕሮግራሟ ኮምፒውተርህን ከሩቅ ሆኖ የሚያዝባት ነበረች። ወንድሜ፣ ያልከፈልከው የክፍያ ጥያቄ አንዲት ሳንቲም አይቆርጥም! ዝም ብትለው ዝም ብሎ ይቀር ነበር። ሌባው 499 ዶላር አልወሰደብህም ነበር፤ እንዲወስድ ስልክ ደውለህ የጠራኸው አንተ ነህ፤ የአየር ሰዓቱም በአንተ ሂሳብ።

«እኔ ያለሁት አዲስ አበባ፣ ፔይፓል ምን አገባኝ?» የምትለው ከኋላ የቆምከው፣ አትሳቅ፤ ተራህ ነው። ለአንተ በቴሌብር ስም ይመጣል። «ተሸልመዋል፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» ይልሃል። ሚስጥር ከተላከማ ምኑን ሚስጥር ሆነ?

መንጠቆ የዋጠ መነጠቁ አይቀርም፤ ግን ቶሎ ከተነቃ ሊተርፍ ይችላል። ሊንኩን ነክተህ የይለፍ ቃል ከሰጠህ አሁኑኑ ቀይረው፤ ያንኑ ቃል ሌላ ቦታም ከተጠቀምክበት እዚያም ቀይር። ካርድህ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንክህን ጥራ፤ ኢሜይሉ ላይ ባለው እንዳትደውል! ፕሮግራም አውርደህ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቅቀህ ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ኢሜይሉን ከማጥፋትህ በፊት «ፊሺንግ አት ፔይፓል ዶት ኮም» ወደሚለው የጥቆማ አድራሻ አስተላልፈው። አፍረህም ዝም አትበል፤ ለእናትህም ለጎረቤትህም ዛሬውኑ ንገር፤ ያ ኢሜይል ለእነሱም ሳይላክ አይቀርም።