አያ መዝገቡና እመት ካሜራ

ተረት ተረት፤ የላም በረት በሉኝ።

ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም ምድር ቤት አያ መዝገቡ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በየመደርደሪያው ያለው ሁሉ ስሙን ትቶ እሳቸው ባወጡለት ቁጥር ይጠራል። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው መስቀል ሳይቀር ቁጥሩ ሲጠራ «አቤት» ማለት ለምዷል። ቁጥሯን በደቃቅ ቀለም እጀታው ላይ ጽፈውበታል፤ ቄሱ ጨብጠው በሚያሳልሙበት፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!

አንድ ቀን እመት ካሜራ ከች አለች። ዝናዋ ቀድሟታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ ለቤኒን የመለሰቻቸውን 26 ቅርሶች ከፓሪስ እስከ አገራቸው ሸኝታ፣ 26ኛውን፣ የንጉሥ ጌዞን ሐውልት፣ በፎን ቋንቋ አናግራዋለች። ይህን የቀረጸችበት የማቲ ዲዮፕ ፊልም፣ «ዳሆሜ»፣ በ2024 በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ ሲሸለም ወሬው ምድር ቤት ድረስ ወረደ። እናም ጋሻው አቧራውን አራገፈ፤ ከበሮው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁሉም «እኔን ቅረጪኝ» ሆነ።

እሷ ግን ቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«አያ መዝገቡ፣ ይህ ሁሉ እንዴት ተሰበሰበ?»

«ተገዝቶ ነዋ! በ1868 ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ነበር። የኛም ሰው ሆልምስ እዚያው ነበር።»

«ለጨረታው ዕቃውን ያመጣው ማን ነው?»

«ወታደሩ።»

«ወታደሩስ ከየት አመጣው?»

«አባትህ ማነው» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» እንዳለው በቅሎ፣ አያ መዝገቡም ስለ ጓዙ ማውራት ያዙ፤ 15 ዝሆን፣ 200 ያህል በቅሎ፣ የመንገዱ ዳገት፣ የዝናቡ ነገር።

«እዚያ የተሸፈኑትስ?»

«11 ታቦታት ናቸው። የኛ ናቸው።»

«አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«ኧረ በስመ አብ! ከካህናት በቀር ማንም አያያቸውም። እናከብራለን እኮ።»

እመት ካሜራ ዓይኗን በክዳኗ ሸፈነች። «እኔም አላይም። ግን ያላዩትን ነገር ምን ያደርጉበታል? ለባለቤቱ አይሰጡትም?»

«በወደድኩ! የ1963ቱ ሕግ፣ ከጥቂት ምክንያት በቀር፣ ከዚህ ዕቃ አታውጡ ይላል።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«የኛው ፓርላማ።»

እመት ካሜራ ክዳኗን መልሳ ከፈተች፤ ወደ ታቦታቱም ወደ ጋሻውም ሳትዞር የአያ መዝገቡን ገጾች አንድ በአንድ ትቀርጽ ጀመር። ከ1868 ወደ ኋላ ስትገልጥ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

አያ መዝገቡ ብድግ አሉ። «ስሚ አንቺ! እዚህ መቅረጽ ክልክል ነው!»