ክንፍ የሌለው ቬንትሌተር

ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ነገር ላውጋችሁ። የሆነው ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ። ቀኑን የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሙኒክ ውስጥ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነበር። ሁለተኛ፣ አማቴ ከሐረር የሚመጡት በዚያው ዕለት ነበር። የድሬዳዋን ግንቦት የማያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ልንገረው፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጠህ እንኳ ሸሚዝህ ከጀርባህ ጋር ይጣበቃል፣ ሌሊት ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይተፋብሃል። በዚህ መሐል ነው እንግዲህ የቤታችን ብቸኛ ቬንትሌተር ሦስት ቀን ሲያቃስት ሰንብቶ አርብ ማታ ቀጥ ያለው።

ባለቤቴ ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። «መጋላ ወስደህ አሠራው፣ ስትመለስ ከቀፊራ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ያዝ፣ እስከ 10 ሰዓት ግባ። እማዬ ነፋስ ከሌለ አትተኛም» አለችኝ። ይኸው ነው መልእክቱ። የሰባት ዓመት ልጅ ብትልኩት አድርሶ ይመጣ ነበር።

ቬንትሌተሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከሰፈራችን ከከዚራ ተነሣሁ። ደቻቱ በዚያ ሰሞን ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ወንዝ ነው ብላችሁ ለእንግዳ ብትነግሩት አያምንም። ተሻገርኩና መጋላ ገባሁ። መጋላ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው፤ ለእኛ ለድሬዎች ደግሞ የሚገዛው፣ የሚሸጠው፣ የሚጠገነውና የሚወራው ሁሉ ያለበት ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት፤ የወሬውን ነገር ማለቴ ነው።

ጠጋኙ ደንበኛዬ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ የሸራ ጥላ አለው፣ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ከአጠገቡ ሻይ የምታፈላ ሴት። ገና ሲያየኝ «አንቺ! ነይ ተቀመጪ አቦ» አለኝ። ድሬን የማታውቁ እንዳትደነግጡ፤ እኛ ጋ ወንዱንም አንቺ ማለት የፍቅር ነው። ካቻቢቴውን አነሣ፣ የፊቱን ወንፊት ፈታ፣ ክንፉን ነቅሎ አቀበለኝ፤ «ያዢልኝ» ብሎ። ያዝኩለት። «ኮንደንሰሩ ነው፣ አሥር ደቂቃ» አለ። አሥር ደቂቃ! ክንፉን ይዤ አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወጋኋችሁ።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። ወንበሩ ላይ የነበሩት ልጆች ማታ ማን ይበላል እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ፒ ኤስ ጂ ወይስ ኢንተር። ፒ ኤስ ጂ በግማሽ ፍጻሜው አርሰናልን ያስወጣ ቡድን ነው፤ እኔ ደግሞ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ቁስሌ ገና አልጠገገም። ስለዚህ አልቻልኩም፣ ገባሁበት። «የፒ ኤስ ጂ ሜዳ እኮ የራሱ አይደለም፣ የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው፤ የክለቡ ባለቤቶች ኳታሮቹ እንግዛው ሲሉ ከንቲባዋ አን ኢዳልጎ አይሸጥም ያለችው ሜዳ ነው» አልኩ። ይህ እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆምስ? አላቆምኩም።

ክንፉን እንደ መምህር ዱላ እየቀሰርኩ ቀጠልኩ። አርሰናል 390 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣበትን ሜዳ ተበድሮ እንደሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከገባበት በኋላ ዕዳውን ሲከፍል እነ ሄንሪን፣ እነ ፋብሪጋስን፣ እነ ቫን ፐርሲን እንደሸጠ፣ የሊጉን ዋንጫ ከ2004 ወዲህ እንዳላየ አስረዳሁ። «ግን የማንንም ግብር አልበላም!» አልኩ። «በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ሜዳ የሚጫወት ክለብ የአውሮፓን ዋንጫ ሊበላ አይገባውም።»

አንዱ ልጅ፣ ባጃጁን ጥላ ፈልጎ ያቆመ ሹፌር ነው፣ ረጋ ብሎ፣ «ማንቸስተር ሲቲስ? ሜዳው እ.ኤ.አ. በ2002 ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የተሠራ የከተማው ንብረት ነው፣ ተከራይ ነው። በ2023 ሻምፒዮንስ ሊጉን በላ» አለኝ። ሌላው ቀጠለ፤ «ዌስትሃምም በኦሊምፒኩ ሜዳ ነው የሚጫወተው። የማስኬጃው ኪሳራ የሚሸፈነው ከሕዝብ ኪስ ነው። እሱም በዚያው ዓመት ኮንፈረንስ ሊግን ወሰደ።» እኔ ግን ወደ ኋላ የምል ሰው አልሆንኩም። «እሺ፣ እነሱን ተዉአቸው፣ የዛሬውን እንይ። ኢንተር ጨዋ ክለብ ነው፣ ሳን ሲሮ የራሱ ነው። ካልሆነ የሁላችሁንም ሻይ እከፍላለሁ፤ ጣፋጩን ሙሸበክም ጨምሬ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የባጃጁ ልጅ ስልኩን አወጣ፣ ነካ ነካ አደረገና አቀበለኝ። ሳን ሲሮ የሚላን ማዘጋጃ ቤት ንብረት ነበር፤ ኢንተርም ኤሲ ሚላንም ያኔ ተከራዮች ነበሩ። በዚያች ማታ ለዋንጫ የሚገናኙት ሁለቱም ክለቦች የየከተማቸው ሕዝብ በሚያከራያቸው ሜዳ ነው ዓመቱን የተጫወቱት። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቹ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ ሻጯ ብቻ ድምፅ ሳታሰማ ብርጭቆዎቹን መደርደር ጀመረች። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ሦስት። መንገደኛውም ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

ይህን ያህሉን እንኳ እችለው ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ኩፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የፈረንጁን ሜዳ ባለቤት ለማወቅ ይህን ያህል ደክመሃል። የድሬን ሜዳ ታውቀዋለህ?»

«እንዴ አባባ፣ ተወልጄ ያደግኩበት!» አልኩ። «በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ካስተናገዱት አምስት ከተሞች አንዷ እኛ ነን። የድሬዳዋ ክለብ፣ ብርቱካናማዎቹ፣ የሚጫወቱበት ነው።»

«ከዚያ በፊትስ ማን ተጫውቶበታል?»

ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ አሁንም እሰማታለሁ። የጠጋኙ ካቻቢቴ ሳይቀር ቆመ። እኔ የዚያን ዓመቱን ሻምፒዮንስ ሊግ ሠላሳ ስድስት ክለቦች በቃሌ የምወጣ ሰው ነኝ፤ የራሴን ከተማ ሜዳ ስጠየቅ አንድ ስም ጠፋኝ። ክንፉን ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩት፤ በእጄ ይዤው መቀመጥ አፈርኩ።

አዛውንቱ ለማሳፈር አልነበረም የጠየቁኝ፤ ለመንገር ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲመጣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተካፈሉት። ኢትዮጵያ ያለችበት ምድብ አዲስ አበባ ሲጫወት፣ ሌላው ምድብ እዚህ ድሬ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛየር እና ሞሮኮ። ዛየር በዚህ ሜዳ ተሰናበተች። ሞሮኮ ደግሞ ከዚህ ሜዳ ተነሥታ ዋንጫውን ይዛ አገሯ ገባች።

«ሞሮኮ» አሉ አዛውንቱ፣ ቃሏን አፋቸው ውስጥ እንዳቆዩ። «ያኔ ሞሮኮዎቹ እኛ ጋ መጡ። በመጋቢት የእኛ ልጆች ከግብፅ ጋር ‹በሜዳቸው› ሲጫወቱ የት ነበሩ?»

ይህን አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሞሮኮ ነበሩ። ካፍ የሚቀበለው ሜዳ ስላጣን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን ያስተናገድነው በሰው አገር ነው። ከቀናት በኋላም ከጅቡቲ ጋር የተጋጠምነው እዚያው ሞሮኮ ነው። ከዚህ ከድሬ ባቡር ተሳፍሮ የሚደረስበት ጎረቤት ነው እኮ ጅቡቲ! ሁለት ጎረቤታሞች አፍሪካን አቋርጠው ሄደው ኳስ ተጫወቱ። አዲስ አበባ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም ከተጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ያኔም ገና አላለቀም ነበር።

አዛውንቱ ግን አልጨረሱም። «አንተ ስለ አውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ታወራለህ። የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ መጀመሪያ ሲደረግ፣ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ። ከካሜሩን ኦሪክስ ዱዋላ፣ ከማሊ ስታድ ማሊያን፣ ከጋና ሪል ሪፐብሊካንስ። አራተኛው ማን ነው?»

ማንም አልመለሰም። የባጃጁ ልጅም ስልኩን አላወጣም።

«የድሬ ጥጥ ማኅበር ነው። የዚያ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን» አሉና በአገጫቸው ወደ ፋብሪካው አቅጣጫ አመለከቱ። «በ1954 ለኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው አምበል፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የጥጥ ማኅበርን ማሊያ ለብሷል።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኔ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ የተባለውን ሁሉ አልነግራችሁም፣ ጸሐይቱ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥን። አንዱ «የእኛ ክለቦችም እኮ አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው የሚኖሩት፤ ታዲያ የፓሪስ ሰው ስለ ሜዳው ከንቲባዋን ሲጠይቅ እኛ ማንን ጠየቅን?» አለ። ሌላው «ለሜዳ የሚወጣው ብር ለውኃ ይዋል» አለው። አዛውንቱም «ለውኃም ይሁን ለሜዳ፣ የት እንደደረሰ መጠየቅ የባለቤቱ ሥራ ነው። ባለቤት የማይጠይቀው ቤት ይፈርሳል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ሰዓቴን ሳይ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። ኪሴን ዳበስኩ። አሥራ ሦስት ሻይና ሙሸበኩ ከተከፈለ በኋላ የቀረው የኮንደንሰሩን ዋጋ እንኳ አይሞላም። ቀስ ብዬ ለጠጋኙ ነገርኩት። ቬንትሌተሩን አንሥቶ ደረቴ ላይ አደረገልኝና «ሂጂ አቦ፣ ነገ ታመጫለሽ» አለኝ። የመጋላ ሰው እንዲህ ነው፤ ደግነቱ ራሱ ያሳፍራል። ለባጃጅም ስላልነበረኝ ደቻቱን በእግሬ ተሻገርኩ፤ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ተሠራልህ?» ሲለኝ «ተሠራ» እያልኩ።

ቤት ስደርስ አማቴ በረንዳው ላይ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ሮጥ ብዬ ሶኬቱን ሰካሁ። ሞተሩ ተነሣ፣ ደስ በሚል ድምፅ ዞረ። አማቴ ፊታቸውን አቀረቡ። ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ክንፉስ?» አለች።

ክንፉ መጋላ ነው። ከወንበሩ ሥር፣ አፍሬ ያስቀመጥኩት ቦታ። ጠጋኙም በወሬው ተይዞ ወንፊቱን ያለ ክንፉ ገጥሞታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የመቸኮል እንኳ ምክንያት አልነበረኝም። «ሽንኩርቱስ?» አላለችም። እጄን አይታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያቺን አለመጠየቋን ነው እስከ ዛሬ ያልቻልኳት።

ስለዚህ ፍጻሜውን አላየሁም። በካርቶን ቁራጭ አማቴን ሳራግብ አመሸሁ። ከሰፈራችን ኳስ ማሳያ ቤት አምስት ጊዜ ጩኸት ሰማሁ፤ ፒ ኤስ ጂ ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፎ ነበር። በሦስተኛው ጩኸት ላይ አማቴ «ምን አቆየህ ልጄ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሻዩንም፣ አዛውንቱንም፣ ሞሮኮንም።

«የስልሳ ስምንቱን ነው?» አሉ። «ያኔ ቀፊራ ነበር ቤታችን። ከተማው በእንግዳ ሞልቶ፣ ልጆች ሁሉ የተጫዋቾቹን አውቶቡስ ተከትለው ሲሮጡ አስታውሳለሁ።»

ካርቶኑ እጄ ላይ ቆመ። «ታዲያ እማማ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«መቼ ጠየቃችሁን?» አሉኝ። ክፋት የለበትም አነጋገራቸው፤ «አራግብ እንጂ ልጄ» ብለው ጨመሩ።

እሑድ ጠዋት ዕዳዬን ይዤ መጋላ ተመለስኩ። ጠጋኙ ክንፉን በጨርቅ ወልውሎ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። አዛውንቱ በዚያው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሻይ አዘዝኩላቸውና አጠገባቸው ተቀምጬ «አባባ፣ ከጥጥ ማኅበር ልጆች ማን ማን ነበሩ?» አልኳቸው። ኩፊያቸውን አስተካክለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። እየሰማሁ ቆየሁ፤ ቶሎ ተመለስ ተብዬም ነበር።

ሽንኩርቱን ግን መጀመሪያ ገዝቼ ነው የሄድኩት።