ምሰሶው የወደቀ ቫዮሊን

ፍኖተ ሰላም ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት መቃኛዎቹ ተንሸራትተው፣ አውታሮቹ ረግበው፣ በርኩማው ተጋድሞ አገኘሁት። ቫዮሊኑን አንሥቼ ቀስ ብዬ ነቀነቅሁት። ከሆዱ አንዲት እንጨት ኳ ኳ አለች። ምሰሶዋ ወድቃለች።

የቫዮሊን በርኩማ በሙጫ አይጣበቅም፤ የተወጠሩት አውታሮች ተጭነውት ነው የሚቆመው። በሆዱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ምሰሶም እንዲሁ ናት፤ ውጥረቱ ሲላላ ትወድቃለች። በርኩማውን እኔም አቆመዋለሁ፤ ምሰሶዋን በጠባቧ የድምፅ ቀዳዳ አስገብቶ ማቆም ግን ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይጠይቃል። ስሳፈር የመኪናው ረዳት «ጭንህ ላይ አይሆንም» ብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ከጆንያ ጋር ሲያስረው አጥብቄ መከራከር ነበረብኝ።

በአንድ የአማተሮች ኦርኬስትራ የአንደኛ ቫዮሊን መሪ ነኝ። ኮንሰርት ሳይጀመር ተነሥቼ ሌላው ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዲቃኝ አደርጋለሁ። ብቻዬን ፊት ቆሜ ግን ተጫውቼ አላውቅም። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ስለማመድ ከርሜያለሁ። ቫዮሊን እንግዳችን አይደለም እያልኩም ነበር፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንኳ፣ ዓለም በፒያኖ ያወቃቸው፣ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ቫዮሊን ተምረዋል። መምህሩም ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል።

ሠርጉ ከቡሬ ወዲህ፣ ገጠር ነው። ዳሱ ሞልቷል።

«የኔ ዓለም፣ ምነው አታወጣውም?» አለች አክስቴ።

«ተጎድቶብኛል፣ እትዬ።»

ዝም ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አዝማሪው ሰማን። ማሲንቆውን ጭኔ ላይ አኖረና «ያዝ፣ ወንድሜ» አለኝ። አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ። እንደ ቫዮሊን ጣቴን ተጫንኩ፤ ድምፁ ታነቀ። «አትጫነው፣ ዳሰስ አድርገው» አለኝ። የማሲንቆ ጭራ አንገቱ ላይ አይጫንም፤ ጣት በአየር ላይ እንዳለ ይነካዋል። ዳሰስ ሳደርገው አለቀሰ። ሁለት ስንኝ ያህል አስጮኼ መለስኩለት፤ አክስቴም እልል አለች።

ከዚያ ተቀበል ተጀመረ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሽማግሌ በሻከረ ድምፅ ግጥም ሰጡት። አዝማሪው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አደመጣቸው፤ ቀጥሎ ጣቱን ወደ ታች ሳብ አድርጎ በሽማግሌው ጉሮሮ ልክ ተቀበላቸው። እኔ ሌላው በእኔ ድምፅ እንዲቃኝ ነበር የተማርኩት። እርሱ ብቻውን እየተጫወተ በእንግዳው ድምፅ ይቃኛል። የመሪም የነጠላ ተጫዋችም ሥራ በአንድ ሰው እጅ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማሲንቆም ለኦርኬስትራ እንግዳ አይደለም፤ ሐሊም ኤል ዳብ በ1955 ዓ.ም. ባቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆ ከክራርና ከበገና ጋር መድረክ ላይ ተቀምጧል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ቫዮሊንንም ማሲንቆንም ያስተምራል። ኦርኬስትራ የምትመሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ምሽት ከአንደኛው ቫዮሊን ጎን ለማሲንቆ አንድ ወንበር አኑሩለት።