ዳኞቹ ሩዶልፍን አላዩትም

የሴዝ ማክፋርሌን የጠፈር መርከብ ተከታታይ ድራማ «ዘ ኦርቪል» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር ቀልድና ቁም ነገርን እንዴት አድርጎ እንደሚመዝን አሳየን። ገና በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ወንድ ብቻ ነን ከሚሉት የሌላ ዓለም ፍጡራን፣ ከሞክላኖች፣ ሴት ልጅ ትወለዳለች። በሦስተኛው አባቷ ቦርተስ በቀዶ ሕክምና ወንድ ትሁንልኝ ይላል። የሕፃን ገላ፣ የፆታ፣ የወላጅ ሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ ማን መለሰው? የመርከቡ ሐኪም እንቢ አለች፣ እሱ አልሰማም። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ባለቀይ አፍንጫውን አጋዘን ሩዶልፍን፣ ያንን የልጆች የገና ፊልም፣ ከፍተው አሳዩት። አለቀ፤ ሰውየው ተመለሰ። ጉዳዩን ያየው የሞክላኖች ችሎት ግን ቀዶ ሕክምናው ይደረግ ብሎ ፈረደባት። ምን ይደረግ፣ ዳኞቹ ፊልሙን አላዩትም።

በዚያው ዓመት ሮቦቱ አይዛክ ቀልድ ሊማር ብሎ የባልደረባውን የጎርደንን እግር በተኛበት ቆርጦ ደበቀ። ሳቅን፤ መሳቅም ነበረብን፣ በዚያ መርከብ ላይ እግር መልሶ ይበቅላል። በ2022 ያው አይዛክ ራሱን ሊያጠፋ ሲሞክር ደግሞ እንድናዝን ተጠየቅን። በመሐል ግራ የገባው ተመልካች ካለ የማጀቢያውን ቫዮሊን ይጠብቅ፤ እስኪገባ ድረስ መሳቅ ይፈቀዳል።